«ለተማሪ መክሰስ» የሚባለውን የቅናሽ ካርቶን ሳታገላብጡ አትግዙ

ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በየባዛሩ እና በየሱቁ ደጃፍ «ለተማሪ መክሰስ፣ በካርቶን ለሚወስድ ቅናሽ አለው» እየተባለ የሚሸጠውን የታሸገ ጭማቂ ተጠንቀቁ። ሰሞኑን ጎረቤቴ ሁለት ካርቶን ገዝታ መጣች። ፊቱ ላይ የተቆረጠ ማንጎ ተስሏል፤ «በቫይታሚን ሲ የበለጸገ» የሚልም በትልቁ ተጽፎበታል።

ጀርባውን አዙረን አነበብን። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ ማንጎ። ዝርዝሩ በክብደት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሚጻፍ ልጆቻችን የሚጠጡት ከማንጎው ይልቅ ስኳሩን ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር አለው፤ አንዱ 200 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 24 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሆናል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ልጁ ገና በእረፍት ሰዓት የቀኑን ድርሻ ጨረሰ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ስኳር ድንች ምሳ ዕቃው ውስጥ ቢገባ ስንት ቀን ያዘልቃል! ለጥሙ ውሃ ይበቃዋል። ቆሎ እና ለውዝ ግን ለትልልቆቹ ይሁን፤ ትንንሾቹን ሊያንቃቸው ይችላል።

ያንገበገበኝ ግን ቀኑ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። በጥፍራችን ስንልጠው ከሥሩ ሌላ ቀን ታትሟል፤ ካለፈ ቆይቷል። ካርቶኑ ላይ የነበረውም ተፍቋል። ይህን ያደረገ ሰው የሚጠጡት ሕፃናት መሆናቸውን ያውቃል!

ሻጩ «በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። አትቀበሉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ያለ ደረሰኝ አንድ ካርቶን እንኳ አትግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑ ተከፍቶ ከመሃል አንዱ ይውጣላችሁ፤ ቀኑን በጣታችሁ ዳብሱት፣ የተለጠፈበት ነገር ካለ ትታችሁት ሂዱ። የገዛችሁም ካላችሁ ለሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት ተለጣፊውን እና ከሥሩ ያለውን ቀን ፎቶ አንሡና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 አመልክቱ።