ባለ 41 ፍሬ የእንጨት መቁጠሪያ፦ ከአምስት ወር አገልግሎት በኋላ የተጻፈ አስተያየት

በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ በዘወረደ ሳምንት፣ ፒያሳ ከሚገኙት የንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች በአንዱ ባለ 41 ፍሬ የእንጨት የጸሎት መቁጠሪያ በ350 ብር ገዛሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈው ዕቃውን አምስት ወር ያህል፣ በሥራ ቀንም በሰንበትም፣ ከኪሴ ብዙም ሳይለይ ከተጠቀምሁበት በኋላ ነው። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ በዕቃው ላይ ያለኝ ቅሬታ የአንድ ሱቅ ጥፋት ብቻ አይመስለኝምና።

መቁጠሪያውን ለምን እንደፈለግሁት ካልተናገርሁ ጠቀሜታውንም ጉድለቱንም መመዘን አይቻልም። ከአራት ኪሎ መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ታክሲ ወደምይዝበት ወደ ፒያሳ የሚወስደኝ የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የስፖርት ውርርድ ቤት በኩል ያሳልፈኝ ነበር። በ20 ብር ትኬት የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ በ500 ብር የሚቆረጥ ሆነ። አንድ ቅዳሜ የ3,800 ብር ትኬት በ90ኛው ደቂቃ በገባች አንዲት ጎል ሲቃጠልብኝ፣ ለልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ከተቀመጠው ገንዘብ ማጉደሌን ለባለቤቴ መናገር አቃተኝ። መንገድ ቀይሬ በሌላ በኩል መሄድ ስጀምር ደግሞ ውርርዱ በስልኬ ተከተለኝ።

ነገሩን በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። መቁጠሪያ እንድገዛ ያዘዙኝ እርሳቸው ናቸው፤ ሆኖም ትእዛዛቸው በመቁጠሪያ አልጀመረም። «ልጄ፣ መጀመሪያ የጎደለውን ገንዘብ ለባለቤትህ ንገራት፤ ከእንግዲህ ደመወዝህን እርሷ ትያዘው። ቀጥለህ ስልክህ ላይ ያለውን መወራረጃ አሁን፣ እኔ እያየሁህ አጥፋው። ከዚያ በኋላ መቁጠሪያ ግዛ፤ እጅህ መነካካት ለምዷልና የሚነካካው ነገር ስጠው» አሉኝ። ቅደም ተከተሉን የጠቀስሁት ሆን ብዬ ነው። መቁጠሪያን እንደ ክታብ በአንገቱ አጥልቆ ፈተና በራሱ ጊዜ እንዲሸሽለት የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ሳያደርግ ሦስተኛውን ብቻ የሚገዛ ሰው 350 ብሩን ባያወጣ ይሻለዋል።

በሱቁ የነበሩት እናት የ41ዱንና የ64ቱን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ለራስዎ ነው ወይስ ለስጦታ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ 41 የጌታን ግርፋት፣ 64 ደግሞ እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችበትን ዕድሜ የሚያስታውሱ ቁጥሮች ናቸው። ረጅሙን ትቼ ከሸሚዝ ኪስ የሚገባውን አጭሩን መረጥሁ። የፕላስቲኩ 120 ብር፣ በክር ቋጠሮ ብቻ የተሠራው 250 ብር ነበር፤ እንጨቱን የመረጥሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለሚያምር ነው። እናቲቱ አልቸኮሉብኝም፤ ለሻጭነታቸው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

የእንጨቱ ሥራ መልካም ነው። ፍሬዎቹ የአተር ያህል ሆነው በደንብ ተሞርደዋል፤ ከጣት ወደ ጣት ሲያልፉ አይቧጥጡም። በመሐል የሚለይ ምልክት ስለሌላቸው በጨለማ የት እንደደረሱ የሚያውቁት መስቀሉን ሲነኩ ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር፤ ኋላ ግን «ስንት ቀረኝ» ማለትን ስላስተወኝ ወደድሁት። ቀለሙ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ላብ ሲነካው በነጭ ሸሚዜ ኪስ ላይ ቡናማ እድፍ ትቷል፤ በዚህ ዋጋ ይህ መሆን አልነበረበትም።

ስለ አገልግሎቱ ልናገር። ሊቃውንት ኃጢአት በኃልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት፣ ይፈጸማል ይላሉ። የእኔም ውድቀት በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር፦ መጀመሪያ «አርሰናል ዛሬ በሜዳው ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከጓደኛ ጋር ስለ ኦዱ (ውርርዱ ቢሰምር ስንት እጥፍ እንደሚከፍል) ማውራት፤ ከዚያ እጅ ወደ ስልክ። ከሐሳቡ እስከ እጁ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ በመካከሉ ማሰብ የሚባል ነገር አይገባም። መቁጠሪያው ያደረገልኝ ያንን ጊዜ ማርዘም ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን) የሚለውን 41 ጊዜ ሳልቸኩል ስል ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስድብኛል፤ ሦስት ዙር ሲሆን ሰባት ደቂቃ ያልፋል፤ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከሐሳቡ ጋር የመጣው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ሲጽፍ «ከፈተናው ጋር መውጫውን ደግሞ ያደርግላችኋል» ያለውን ድሮ ስሰማ አንድ ታላቅ ተአምር የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ መውጫው የሰባት ደቂቃ ስፋት ነበረው።

ሁልጊዜ ግን አይበርድም። በመጋቢት አንድ ምሽት አምስት ዙር ደግሜ፣ ስድስተኛውን ሳልጨርስ፣ በባልንጀራዬ ስልክ ትኬት ቆርጫለሁ። መቁጠሪያው ያን ጊዜም በግራ እጄ ነበር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ የሉቃስን ወንጌል አራተኛ ምዕራፍ ገልጠው፣ ዲያብሎስ ጌታን ፈትኖ ከጨረሰ በኋላ «እስከ ጊዜው ከእርሱ ተለየ» የሚለውን አነበቡልኝና፣ «ከጌታ እንኳ የተለየው እስከ ጊዜው ከሆነ፣ አንተ ለሁልጊዜ ተለየኝ ብለህ መቁጠሪያህን ለምን ቤት ትተህ ልትወጣ አሰብህ?» አሉኝ። በእርግጥም ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ከውርርዱ የተላቀቅሁ መስሎኝ መቁጠሪያውን ሁለት ቀን ከመሳቢያ ውስጥ አሳድሬው ነበር፤ እንዴት እንዳወቁብኝ አላውቅም።

ከዚህ ዕቃ ጋር ያሳለፍሁት ጾም ስለ ጌታ ፈተና ስሰማ የኖርሁትን ትምህርትም በሌላ ጆሮ እንድሰማው አድርጎኛል። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ሲፈተን ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ነዋይን በጸሊአ ነዋይ (የገንዘብን ፍቅር ገንዘብን በመናቅ) ድል ነሣ እየተባልን ነው ያደግነው። ውርርድን የገንዘብ ፍቅር ብቻ አድርጌ ስለማየው ሦስተኛው ፈተና ብቻ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ትኬት ውስጥ ሦስቱም አሉ፦ ደመወዝ እስኪደርስ መጠበቅ ያቃተው ሰው ስስት፣ «ኳስ እኔ ነኝ የማውቀው» የሚል ሰው ትዕቢት። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል የተባለው ነው። የቤት ኪራይ ገንዘብ በትኬት ላይ አድርጌ፣ ውጤቱ እንዲሰምር ለእመቤታችን ጥላ ላስገባ ስእለት የተሳልሁበት ቀን ነበረኝ። ያን ጊዜ ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው መሆኑ የገባኝ በዚህ ዓመት ነው። ጌታ ለሦስቱም የመለሰው ከዘዳግም መጽሐፍ በተወሰደ አጭር ቃል መሆኑም ልብ የሚባል ነው። ከፈታኙ ጋር ረጅም ክርክር አልገጠመም፤ እኔ ግን በክርክር የተሸነፍሁበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ብዙ ጊዜ ዙሩን የማደርሰው ከሥራ ስወጣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ተቀምጬ ነው። ቦታው ለዚህ ሥራ ይስማማል፤ የመኪናው ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ይሰማል፣ ነገር ግን ማንም መጥቶ አያናግርዎትም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ነው። የዓለም መንግሥታት ሁሉ ከነክብራቸው የታዩበትን ፈተና እያሰቡ ነገሥታት ዘውድ በጫኑበት ግቢ መቀመጥ ደስ ይላል፤ ይህ ግን ከመቁጠሪያው ጥራት ጋር የማይገናኝ የግሌ ነገር ነው።

የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ መቁጠሪያውን አይቶ፣ «ስትጸልዩ በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል አስታወሰኝ። በግብጽ በረሃ በቀን 300 ጸሎት በጠጠር እየቆጠረ ያደርስ ስለነበረ መነኩሴ እንደተጻፈ ነግሬው፣ ቃሉ የሚከለክለው መድገምን ሳይሆን ከንቱነትን ነው ብዬ መለስሁለት። መልሴ ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን ተግሣጹ በእኔ ላይ ሠርቷል። በሚያዝያ አንድ ሰንበት ማታ 41ዱን ከጨረስሁ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው የማንቸስተርን ውጤት ሳሰላ እንደነበር ያወቅሁት መስቀሉን ስነካ ነው። ጣት በራሱ ይቆጥራል፤ ይህ የዕቃው ትልቁ አደጋ ነው፤ ሻጭም አይነግርዎትም። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ መጀመሪያ «አቤቱ ወደ ፈተናም አታግባን» የሚለውን በአማርኛ፣ ቃል በቃል እያሰብሁ እላለሁ፤ ትንሽ ረድቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። በግንቦት መጨረሻ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ክሩ ከመስቀሉ ሥር ተበጠሰና ፍሬዎቹ በወለሉ ላይ ተበተኑ። ረዳቱ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ለቀመልኝ፤ አንዲት እናት ከጫማቸው ሥር ያገኟትን ፍሬ ስመው ሰጡኝ። የተገኘው 39 ነበር። በማግሥቱ ወደ ሱቁ ስመለስ በዚያ ቀን የነበረው ወጣት ለክር ኃላፊነት እንደማይወስዱ ነግሮኝ፣ መልሶ ለመሰካት 50 ብር አስከፈለኝ፤ ተመሳሳይ ፍሬ ስላልነበረውም ሁለት ተለቅ ያሉ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች አስገባልኝ። ሦስት ወር ተኩል ላልሞላ አገልግሎት ይህ ደካማ ሥራ ነው። በአካባቢው ሌሎች ሁለት ሱቆች የተሸጡ መቁጠሪያዎች ተመሳሳይ ቀጭን ክር እንዳላቸው አይቻለሁ፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው ገና ሳይከፍል ክሩን ሳብ አድርጎ ይሞክር፣ ወይም በወፍራም ክር እንዲሰኩለት ይጠይቅ።

ከውርርድ መራቄን በዕቃው ስም እንዳልመዘግበው የሚያስገድደኝ አንድ ነገር አለ። ከመጋቢቱ ውድቀት ወዲህ አልቆረጥሁም፤ ይሁን እንጂ ካለፉት አምስት ወራት የመጨረሻው ሁለት ወር ገደማ የአውሮፓ ሊጎች የተዘጉበት ነበር፤ ባለቤቴም ደመወዜን እየያዘች ነው። ከቀረው ውስጥ የመቁጠሪያው ድርሻ ስንት እንደሆነ ማስላት አልችልም። በየምሽቱ ያን ሰባት ደቂቃ ማግኘቴን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ዋጋውንም ለዚያ አልነፈግሁም።

ለሌላ ሰው ብመክር የእንጨቱን ሳይሆን በ250 ብር ይሸጥ የነበረውን የክር ቋጠሮ እመክራለሁ፤ ቀለም አይለቅም፣ የሚበተንም ፍሬ የለውም። እኔም ለጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሳይገባ አንዱን እንዲያስቀምጡልኝ ለእናቲቱ ነግሬያቸዋለሁ። የእንግሊዝ ሊግም የሚጀመረው በዚያው በነሐሴ ነው።