ፒያሳ አካባቢ ሂሳብ ለሚያስጠኑልን መምህር ምስጋና

ጎንደር ላይ ለልጁ የሂሳብ አስጠኚ አጥቶ የሚንከራተት ወላጅ ካለ ይህን ያንብብልኝ። ፒያሳ አካባቢ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስጠኑ መምህር አግኝተናል። እግዜር ይስጥልን!

ከዚያ በፊት ያየነው ያንገበግባል። አንዱ ጋ መልሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደብተሩ በራይት ይሞላል፤ ቁጥሩ ብቻ ሲቀየር ግን ልጃችን እርሳሷን ይዛ ትቀራለች። ሌላው ክፍልፋይ ላይ "ታህቱን (የታችኛውን ቁጥር) አመሳስለሽ ደምሪ" እያለ ያስሸመድዳል፤ ለምን እንደሚመሳሰል አንድም ቀን አልነገራትም። ወር ጠብቆ ብር እየተቀበሉ እንዲህ ማድረግ ግፍ ነው።

እኚህ መምህር የመጀመሪያ ቀን ያደረጉትን ልንገራችሁ። ልጅቷ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ጻፈች፤ ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ ማለት ነው። አላጠፉባትም። "ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ብጨምርልሽ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?" አሏት። ይበልጣል አለች። "2/5ስ?" ሲሏት የ5 ግማሽ 2 ተኩል መሆኑን አስባ መልሷን ራሷ ሰረዘችው። ከዚያ ዳቦውን 6 ቦታ አስከፈሏት፦ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ፣ ድምሩ 5/6። እኩል ያልሆነ ቁራሽ አብሮ አይቆጠርም፤ ታህት የሚመሳሰለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ 3/8 + 5/12 ሲሰጧት ቆመች። ሳይቆጡ በ8 እና በ12 አስቆጠሯት። ያኔ ነው የቸገራት ክፍልፋዩ ሳይሆን የ8 ማባዣ መሆኑ የታወቀው። 24 ላይ ሲገናኙ 9/24 + 10/24 = 19/24 ብላ ጨረሰች። ስህተት ሲያርሙም ሥራውን በሙሉ አይሰርዙትም፤ መጀመሪያ የተበላሸችውን መስመር ብቻ ያከብቡና "እስከዚህ ልክ ነሽ" ይላሉ። ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

በቃላት የቀረበ ጥያቄ ሲሆን የተሰጠውን፣ የሚፈለገውን፣ ሥራውንና ማረጋገጫውን ለየብቻ ያስጽፋሉ። ለምሳሌ ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። አውቶቡስ ሲሄድ በሰዓት 60፣ ሲመለስ 45 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ብዙ ልጅ ሁለቱን ደምሮ ለ2 ያካፍልና 52.5 ይላል። ግን መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 4 ሰዓት ስለሆነ 360 ለ7 ተካፍሎ 51.4 ገደማ ይመጣል። በዝግታ የተነዳው ረዘም ያለ ሰዓት ስለሚወስድ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል።

አርብ አርብ እንቆቅልሽ አለ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል አንድ በአንድ ወንዝ የማሻገሩን (ሰው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፣ ፍየሏም ቅጠሉን ትበላለች) ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን ጉዞ በወረቀት ያስይዛሉ። ልጆቹ የሚጣበቁት ነብሩን ካሻገሩ በኋላ ነው፤ ፍየሏን መልሶ ማምጣት ወደ ኋላ መሄድ ይመስላቸዋል። ያንን ሲደፍሩ በ7 ጉዞ ያልቃል።

እባካችሁ ወላጆች፣ በተለይ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያለባችሁ፣ ሳይረፍድ ውሰዷቸው። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ስትሄዱ ልጁ የተሳሳተበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።