የ1986 አሉሚኒየም ሞተር ጀልባ፦ አሮጌ ስንገዛ ምን እንይ፣ ስንት እንበል?

ፍርዱን ላስቀድም፦ ጀልባዋ የከፈልኩባትን አውጥታለች።

ባለ 16 ጫማ ናት። ላሜራዋ የተያያዘው በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ በሚጠፈጠፍ ችንካር ነው። ሞተሯ 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ጆንሰን ነው። የገዛኋት እዚሁ ሚኒሶታ ከአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነው። 3,500 ዶላር ብሎ ነበር፣ በ2,300 ተስማማን። ከግንቦት ጀምሮ ሐይቆቹ በረዶ ሊሠሩ እስኪቃረቡ ድረስ ሠርታልኛለች። አሮጌ ጀልባ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያሉ የሚጠይቁኝ የሀገር ልጆች ስለበዙ ያየሁትን ልጻፈው።

የፋብሪካዋን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ሚኒሶታ የአሉሚኒየም ጀልባ አገር ናት። ሉንድ ከኒውዮርክ ሚልስ፣ ክረስትላይነር ከሊትል ፎልስ፣ አሉማክራፍት ከሴንት ፒተር የወጡ ናቸው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ሥራ ናት?» ብሎ ነው። ለአዲስ ጀልባ ልክ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ላስቆጠረች ግን ማን ሠራት ከሚለው ይልቅ ማን ግቢ ከረመች የሚለው ይበልጣል። አሉሚኒየሙ ራሱ ብዙም አያረጅም። የሚያረጀው አብሮት ያለው ነው፦ እንጨቱ፣ ፎሙ፣ ሞተሩ፣ የትሬለሩ ኩሽኔታ። ዋጋዋ የሚወጣውም የሚወርደውም በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ማንነቷን ማወቅ አለባችሁ። ሻጩ «የ1990 ናት» አለኝ። የዋሸኝ አይመስለኝም። እሱም ከሌላ ነው የገዛት፣ የነገሩትን ነገረኝ። አሜሪካ ውስጥ ከኖቬምበር 1972 ወዲህ የተሠራ ጀልባ የአካል መለያ ቁጥር አለው። ጀልባዋ ውስጥ ወደ ፊት ዞራችሁ ስትቆሙ በቀኛችሁ በኩል፣ በኋለኛው ግድግዳ ውጪ፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር ታገኙታላችሁ። 12 ፊደልና አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፋብሪካውን ይናገራሉ። ቀጣዮቹ አምስት የጀልባዋ ተራ ቁጥር ናቸው። ዕድሜዋን የሚያወጡት የመጨረሻዎቹ አራት ናቸው።

የኔዋ ጂ፣ 5፣ 8፣ 6 ትላለች። ፊደሉ ወር ነው፣ ኤ ጃንዋሪ ስለሆነ ጂ ጁላይ ይሆናል። 5 የተሠራችበት 1985 ነው። 86 ደግሞ የሞዴል ዓመቷ። የ1990 የተባለችው የ1986 ሆና ተገኘች ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ ግዴታ የሆነው ከኦገስት 1984 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ዘጠነኛዋ ፊደል ኤም ከሆነች ተጠንቀቁ። ከኤም ቀጥሎ የሞዴል ዓመቱ ይመጣል፣ የመጨረሻዋ የወር ፊደልም ከኦገስት ነው የምትጀምረው። እዚያ ላይ ኤ ኦገስት ናት። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተነቅሎ ካገኛችሁ ግን ምንም ያህል ብትረክስ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

እግረ መንገዳችሁን ውስጥ ያለችውን የመጫን አቅም ሰሌዳ አንብቡ። ከ20 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሚችል እዚያ ተጽፏል። ሰሌዳው 25 እያለ ኋላዋ ላይ 50 የተንጠለጠለባት ጀልባ አጋጥሞኛል። ሻጩ እንደ ጉርሻ ነበር የሚያወራልኝ። ለኔ ግን ግድግዳዋ ከአቅሟ በላይ ሲጎተት ኖሯል ማለት ነው።

የሞተሩ ዕድሜ ደግሞ ለብቻው ነው። ከጀልባው ጋር አንድ ላይ ተወለዱ ብላችሁ አትመኑ። ጆንሰንና ኤቪንሩድ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱንም ያመርት የነበረው ኦኤምሲ በዲሴምበር 2000 ከሰረ። ከዚያ ቦምባርዲየር ገዛው፣ ከእሱ ተነጥሎ የወጣው ቢአርፒም በ2020 ኤቪንሩድን ማምረት አቆመ። ከ1980 ጀምሮ ዓመቱን የሚጽፉት በፊደል ነበር። አይ 1፣ ኤን 2፣ ቲ 3፣ አር 4፣ ኦ 5፣ ዲ 6፣ ዩ 7፣ ሲ 8፣ ኢ 9፣ ኤስ 0። የኔው ሞተር ጄ፣ 25፣ ኢ፣ ኤል፣ ሲ፣ ዲ፣ ሲ ይላል። ጄ ጆንሰን፣ 25 ጉልበቱ፣ ኢ በባትሪ የሚነሳ፣ ኤል ረጅም እግር ያለው። ሲ እና ዲ 86 ናቸው። የመጨረሻዋ ሲ የማሻሻያ ምልክት ናት፣ ከዓመቱ ጋር አትቁጠሯት። ሰሌዳው ተልጦ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ሲሊንደር ብሎኩ ላይ ባለች ክብ የብረት መድፈኛ ላይ ያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ሚኒሶታ ውስጥ ከ16 ጫማ የሚበልጥ ጀልባ፣ በጣም አሮጌ ካልሆነ፣ ታይትል (የባለቤትነት ማረጋገጫ) ያስፈልገዋል። የኔዋ ልክ 16 ስለሆነች በምዝገባ ካርዷ ብቻ ተዛወረች። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ጀልባዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ትሬለሩ የራሱ ወረቀት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሳያት የሄድኩት ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ከኖረ አንድ ታላቄ ጋር ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ቀለሟንና ወንበሯን እያደነቅኩ ሳለ «አንተ ልጅ፣ ፊቷን ተወውና ወደ ኋላ ና» አለኝ። ወደ ትራንሰሙ ማለቱ ነው፣ ሞተሩ ወደሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ። ከውጪ አሉሚኒየም ይመስላል። ውስጡ ግን ኮምፔርሳቶ ነው። ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል፣ ላሜራው ደግሞ ገበናውን ይሸፍንለታል።

ጋሼ መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ላይ አዘነበለው። የታችኛውን እግር ይዞ በሰውነቱ ክብደት ተጫነ። እኔን የግድግዳውን ጠርዝ እንዳይ አዘዘኝ። አልተነቃነቀም። ቀጥሎ በመዶሻ እጀታ ከላይ እስከ ታች መታ መታ አደረገው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የቀኝ ታችኛው ጥግ ስንደርስ ድምፁ ታፈነ። ሻጩን አስፈቅዶ ካቻቢቴ አወጣና ከውስጥ በኩል፣ የውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ ወጋ አደረገው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ የእንጨት ብናኝ ይዞ ወጣ። ሻጩም አየ። ማንም ምንም አላለም። 400 ዶላር የወረደው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ድብቅ ነገር ፎሙ ነው። እንዳትሰጥም ብለው ወለሉ ሥርና ወንበሩ ውስጥ የሚሞሉት። በዓመታት ውስጥ ውሃ ይጠጣል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሰው አያስፈልገውም፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ እንደምትሆነው ነው። ልዩነቱ ታንኳዋን ፀሐይ ላይ ታሰጧታላችሁ፣ ፎሙ ግን ወለል ሥር ተቀብሮ አይደርቅም። መፍትሔው ሚዛን ነው። ጀልባዋን ከነትሬለሯ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣናት። የጀልባውን፣ የሞተሩንና የትሬለሩን ክብደት ደምረን ከሚዛኑ ጋር ስናስተያየው ወደ 70 ኪሎ ትርፍ መጣ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 70 ሊትር ውሃ ልገዛ ነበር ማለት ነው። ሌላ 300 ዶላር ወረደ።

ሪቬቱን የፈተንነው በተቃራኒው ነው። ትሬለሩ ላይ እንዳለች በጎማ ቱቦ ጥቂት ውሃ ውስጧ ለቀቅን፣ ወለሉን እስኪሸፍን ያህል። ከዚያ በላይ አትሙሉ፣ ክብደቱ ጀልባዋንም ትሬለሩንም ይጎዳል። ከዚያ ሥሯ ተኝታችሁ የሚያንጠባጥበውን በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው። አራት ሪቬቶች አለቀሱ። ለአሮጌ ጀልባ ይህ ምንም ማለት አይደለም። የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው፣ በተለይ የትራንሰሙ ጥግና የጎድን አጥንቶቿ ላይ። ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ተጠራቅሞ ሥሩ ጎድጎድ ካለም እንደዚያው።

ሞተሩን በተመለከተ ሻጩን አስቀድሜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። እኛ ሳንደርስ እንዳያስነሳው። የሞቀ ሞተር ለሁሉም ይነሳል። ካንዴላዎቹን አውጥተን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚያምቀውን ግፊት) ለካን፣ አንዱ ሲሊንደር 118፣ ሌላው 115 ፒኤስአይ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ መቀራረቡ ነው የሚፈለገው፣ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። የታችኛውን ካምቢዮ ብሎን ትንሽ ፈታ አድርገን ዘይቱን አየን። ወተት መስሎ ቢወጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ያ ውሃ በሚኒሶታ ክረምት በረዶ ሆኖ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። የኛው ጥቁር ነበር፣ አሮጌ ግን ንጹሕ። ሲነሳ ከጎኑ የምትወጣዋ የማቀዝቀዣ ውሃ ቀጭን ነበረች፣ እሱን ፖምፓው ውስጥ ያለችው ላስቲክ ትፈታዋለች።

ትሬለሩን ብዙም አልመረመርንም። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2309 ይላል፣ የ2009 23ኛ ሳምንት። ገና አዲስ ቢመስልም ይቀየራል። 100 ዶላር ወረደ።

ሂሳቡ እንግዲህ ይኸውና። ሦስቱን ለየብቻ ነው የገመትኳቸው። ጀልባዋ ጤነኛ ብትሆን 1,200፣ ሞተሩ 1,300፣ ትሬለሩ 600። ድምሩ 3,100። ከዚያ ላይ 800 ሲቀነስ 2,300። መነሻውን ያገኘሁት ከጄዲ ፓወር የዋጋ ዝርዝርና ከአካባቢው ማስታወቂያዎች ነው። ማስታወቂያ ላይ ያለው ግን ሻጩ የተመኘው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ሳምንታት አልፈው አሁንም የተለጠፈ ካለ ያ ዋጋ አልሠራም ማለት ነው። ሌላ ምክር፦ የምትችሉ ከሆነ በመኸር ግዙ። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ማጣበብ የማይፈልግ ሰው ይለሳለሳል። እኔ የገዛሁት በጸደይ ነው፣ ሁሉም ዓሣ ዓሣ በሚልበት ሰዓት።

ታዲያ ወራቱ ምን አሳዩኝ?

ትራንሰሙን ገና ውሃ ሳትነካ ቀየርኩት። ሲከፈት ብስባሴው ከገመትነው ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፣ ግን እዚያው ጥግ ላይ ነው። ሁለት ኮምፔርሳቶ አጣብቄ፣ በኢፖክሲ ሙጫ ለብጬ ገጠምኩ። ለዕቃ 190 ዶላር ወጣ። እዚህ ላይ በመድኃኒት የተነከረውን የውጪ እንጨት እንዳትጠቀሙ። መድኃኒቱ ውስጥ መዳብ አለ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ካገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ወለሉንም አንስቼ እርጥቡን ፎም በባልዲ አወጣሁና በደረቅ ተካሁት። ለውጡ ወዲያው ታወቀኝ። ያው 25 ፈረስ ጉልበት ሦስት ሰው ጭኖ አፍንጫዋን አንስቶ ይሮጣል።

አራቱ ሪቬቶች ከተደፈኑ በኋላ ሌሎች ማልቀስ ጀመሩ። ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይደበድባታል፣ ማታ ላይ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ አገኛለሁ። በረጋ ውሃ ላይ ምንም የለም። ውሃ ማውጫ ፖምፓ አላት፣ ግድ አልሰጠኝም። የሚሰጠኝ ጩኸቷ ነው። ላሜራ ስለሆነች ማዕበል ሲመታት ያንኳኳል፣ ወሬ አያስወራም። ቀላል ስለሆነችም ነፋስ እንደፈለገ ይገፋታል፣ መልሕቅ ሳይጥሉ አንድ ቦታ ቆሞ ዓሣ ማጥመድ ልፋት ነው። ሴንት ክሮይ ወንዝ ዳርቻ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ግን ፋይበርግላስ ያለው ጓደኛዬ ሲሳቀቅ እኔ እየጎተትኩ አወጣታለሁ።

ሞተሩ አላስቸገረኝም። ላስቲኳን ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጸዳሁ። ኢታኖል የሌለበትን ቤንዚን ነው የምሰጠው፣ እዚህ ለጀልባ ተብሎ ይሸጣል። ለ6 ጋሎን 16 አውንስ ዘይት። መለዋወጫው ኩባንያው ከጠፋ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆነውም እንደ ልብ ይገኛል፣ ምክንያቱም የተሠራው ብዙ ነው። ብዙም የማይታወቅ ሞተር በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁ ይህን አስቡበት።

ያላየነው ትሬለር ግን ብዙ ወጪ ጠየቀ። ጎማው የታወቀ ነው። ኩሽኔታዎቹ፣ የመብራቱ ሽቦና የመጎተቻው ገመድ ተደምረው ከትራንሰሙ በለጡ። ደግነቱ መንገድ ላይ አልጣለኝም። ከቤት ወጥቼ አሥር ማይል ያህል ከሄድኩ በኋላ ቆም ብዬ የጎማውን መሐል በእጄ እነካለሁ። ከሞቀ ኩሽኔታው ነው።

እስካሁን ለጥገና ወደ 700 ዶላር ወጥቶባታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው 3,000 እሰጥሃለሁ አለኝ። በሂሳብ ካየነው እኩል ወጣሁ ማለት ነው፣ የኔ ድካም ሳይቆጠር። «ለጸደይ ደውልልኝ» ብዬዋለሁ።