ዩኤስቢ አስፕ፣ ፒክኪት 3 ወይስ ቲኤል866? የማይክሮኮንትሮለር ፕሮግራመር ለሚገዙ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ፕሮግራመር፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር የሆነ ቺፕ) ፕሮግራም የሚጽፍ መሣሪያ፣ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው የማይሆነው ዕቃ ከደረሰው መመለሱ ከዋጋው በላይ ያደክመዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ቺፑ ነው። ሦስቱም መሣሪያዎች ኃይላቸውን ከዩኤስቢ ስለሚያገኙ መብራት ቢጠፋም በላፕቶፕ ባትሪ ይሠራሉ።

ለጀማሪ ተማሪ የምመክረው ዩኤስቢ አስፕን ነው። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛው ሲሆን እንደ አትሜጋ328ፒ እና አትታይኒ85 ያሉትን ኤቪአር የተባለው የማይክሮኮንትሮለር ዘር ቺፖች ይጽፋል። አዲስ አትሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው በ1 ሜጋኸርዝ ነው፤ የፕሮግራመሩ ፍጥነት ደግሞ ከዚህ ከሩብ በታች መሆን ስላለበት፣ በተለመደው 375 ኪሎኸርዝ ሲሞከር ቺፑ መልስ አይሰጥም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል፤ መፍትሔው ግን ፍጥነቱን መቀነሻ ጃምፐር (በመሣሪያው ላይ ሁለት እግሮችን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) መግጠም ብቻ ነው። ገመዱ ባለ 10 ቀዳዳ፣ የብዙ ቦርዶች መግጠሚያ ደግሞ ባለ 6 በመሆኑ አስማሚውን አብሮ መግዛት ይገባል። እውነተኛ ድክመቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሌለው መሆኑ ነው፦ እኔ ራሴ ፊውዝ ቢት (የቺፑን አሠራር የሚወስኑ ቅንብሮች) ስቀይር፣ ዩኤስቢ አስፕ ለመጻፍ የሚያስፈልገውን የአንድ አትሜጋ ሪሴት እግር ዘግቼ፣ ቺፑን ለመመለስ 12 ቮልት የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ እስካገኝ ድረስ ሥራዬ ቆሞ ነበር።

ትምህርቱ ፒአይሲ በተባለው ሌላ የማይክሮኮንትሮለር ዘር ከሆነ፣ ለምሳሌ በፒአይሲ16ኤፍ877ኤ፣ ዩኤስቢ አስፕ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ፒክኪት 3 ነው። ለሚጻፍበት ሰርኪዩት ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ስለማይሰጥ ሞተር ወይም ሪሌይ ያለበት ቦርድ የራሱን ኃይል ይፈልጋል። የፒአይሲ ፕሮግራም የሚሠራበት ሶፍትዌር የኤምፒላብ ኤክስ አዳዲስ እትሞች ይህን መሣሪያ ስለተዉት የቀድሞውን እትም መጫን የግድ ነው፤ ፋይሉም ከባድ በመሆኑ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት አውርዶ በፍላሽ መያዝ ይሻላል።

ቲኤል866 ሁለት ፕላስ ከሁሉም ውድ ነው፤ ሆኖም ባለ 40 እግር ሶኬቱ ላይ ኤቪአርንም፣ ፒአይሲንም፣ 8051 የተባለው የቆየ ማይክሮኮንትሮለር ዘሮችንም፣ በቴሌቪዥን ጥገና የሚያጋጥሙ የሜሞሪ ቺፖችንም ያነባል፤ ይጽፋልም። በተለይ ከ8051 ዘሮች አንዱ የሆነው ኤቲ89ሲ51 በእጁ ያለ ሰው አማራጩ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዩኤስቢ አስፕ ሊጽፈው የሚችለው በስሙ ውስጥ «ኤስ» ያለበትን ኤቲ89ኤስ52 እንጂ እርሱን አይደለም። ለጥገና ቤት ወይም ተዋጥተው ለሚገዙ ተማሪዎች ገንዘቡን ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ኤስቲኤም32 ለተባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች ግን ከሦስቱ አንዱንም አልመክርም፤ በአራት ሽቦ የሚገናኘው የእነርሱ ፕሮግራመር ኤስቲ ሊንክ ርካሽም ቀላልም ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ዕቃውን የሚገዛልዎት ሰው ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ የአንድ ቺፕ መለያ ቁጥር እንዲያነብ ይንገሩት፤ አትሜጋ328ፒ ከሆነ «1ኢ 95 0ኤፍ» ብሎ መመለስ አለበት።