ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ ወይስ አይክላውድ? ከመክፈላችሁ በፊት

ስልኬ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ ያለኝ ጊዜ፣ «ክላውድ (ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ላይ አለልኝ» ብዬ የሁለት ዓመት ፎቶ ከስልኩ ላይ አጠፋሁ። ከወር ተኩል በኋላ ክላውዱ ውስጥ ገብቼ ብፈልግ አንዱም የለም። አገልግሎቱ አልተበላሸም ነበር። ስልኩና ክላውዱ እየተመሳሰሉ ስለሚሠሩ ከአንዱ ያጠፋሁት ከሌላውም ጠፍቷል፤ ትራሽ (የተሰረዘ ፋይል ማቆያው) ውስጥ 30 ቀን ተቀምጦ ሳልመጣ ስቀር ለዘለቄታው ተሰርዟል። እናቴ በጤናዋ ጊዜ የተነሣቻቸው ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የቱን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ጊጋባይት ከማውራቴ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ በስህተት ያጠፋችሁትን ፋይል እስከ መቼ፣ በምን መንገድ ይመልስላችኋል? አራቱን አገልግሎቶች ያነጻጸርኩትም ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

የነፃው ቦታ

ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ዋንድራይቭና አይክላውድ 5፣ 5፤ ድሮፕቦክስ 2። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ጉግል ይበልጣል። ነገር ግን 15ቱ ጊጋባይት ለድራይቭ ብቻ የተተወ አይደለም፤ ጂሜይልና ጉግል ፎቶስም የሚጠቀሙት ከዚያው ነው። ጉግል ፎቶስ ጥራታቸው በመጠኑ የተቀነሰ ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባው ፎቶ ሁሉ ከ15ቱ ላይ ይቆጠራል። ቦታው ሲሞላ ደግሞ ፎቶ መጫን ብቻ ሳይሆን ኢሜይል መላክና መቀበልም ይቆማል። ሥራ አመልክቶ መልስ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

የአይክላውድ 5 ጊጋባይት የአይፎኑን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፣ ፎቶውንና ሰነዱን አንድ ላይ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይሞላል። የድሮፕቦክሱ 2 ጊጋባይት ለፋይል ብቻ ነው፤ ነፃው አካውንት ግን ከ3 መሣሪያ በላይ አያገናኝም።

ጉግል ድራይቭ፦ አብሮ ለመሥራት

አምስት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፉ ከሆነ፣ ለእኔ ጉግል ድራይቭን የሚያህል የለም። ምንም ፕሮግራም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፤ ማን ምን እንደቀየረም በታሪኩ ውስጥ ይታያል። በጉግል ዶክስ የተጻፈ ሰነድ ቀድሞ ወደነበረበት መልክ ይመለሳል። የወርድ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ጭናችሁ በላዩ ላይ አዲስ ቅጂ ስትጭኑ ግን የድሮዎቹ ቅጂዎች የሚቆዩት ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ነው፤ የሚፈለገውን ቅጂ «ለዘላለም አስቀምጥ» ብላችሁ ካልመረጣችሁ በቀር።

ሳይታወቅ የሚጎዳው ሌላ ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በግል አካውንት በተጋራ ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል የፈጠረው ሰው ንብረት ሆኖ ይቆያል። ያ ሰው አካውንቱን ቢዘጋ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል፤ ሌሎቹ ለወራት የሠሩበት ቢሆንም እንኳ። ለድርጅት በሚከፈልበት የጉግል ጥቅል፣ በወርክስፔስ ውስጥ ግን «የጋራ ድራይቭ» የሚባል አለ፤ እዚያ የሚቀመጥ ፋይል የድርጅቱ ነው፣ ሠራተኛው ቢለቅም ይቀራል። ከሦስት ሰው በላይ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ለዚህ ሲባል ብቻ መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል። «ለማስቀመጫ» ብላችሁ የከፈታችሁትና የረሳችሁት አካውንት ካለ ዛሬ ግቡበት።

ዋንድራይቭ፦ ከወርድና ከኤክሴል ለማይለይ ሰው

ሥራችሁ ወርድና ኤክሴል ላይ ከሆነ ለማይክሮሶፍት ኦፊስ መክፈላችሁ አይቀርም፤ እንዲህ ከሆነ ማከማቻውን ለብቻ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ማይክሮሶፍት 365 ፐርሰናል (የኦፊስ የአንድ ሰው ጥቅል) 1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት ገደማ) የዋንድራይቭ ቦታ አብሮት ይመጣል፤ የቤተሰቡ ጥቅል ደግሞ እስከ 6 ሰው ድረስ ለእያንዳንዱ 1 ቴራባይት ይሰጣል፣ አንዱ የሌላውን ፋይል አያይም። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

በመጀመሪያው ጥያቄዬ ስመዝነውም ዋንድራይቭ ጠንካራ ነው። ከፋይ ደንበኛ ከሆናችሁ ማከማቻውን በሙሉ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ወደ አንዱ ቀን መመለስ ይቻላል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሺህ ፋይል ቢያበላሽባችሁ አንድ በአንድ ከመልቀም ታድናችኋለች፤ ለእኔ ይህች አንዷ ብቻ የዋንድራይቭን ዋጋ ታወጣለች።

የምጠነቀቅበት ነገር ግን አለ። አዲስ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ስታዘጋጁ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉትን ፎልደሮች ወደ ዋንድራይቭ ሊያዛውር ይችላል። ያኔ 5 ጊጋባይቱ በአንድ ቀን ይሞላና ማስጠንቀቂያው ይበዛል። ከፋይሉ ጎን የሚታየውን ምልክትም ተማሩት፦ የደመና ምልክት ከሆነ ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም፣ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ አረንጓዴ የ«ራይት» ምልክት ካለው እዚያው አለ። መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሁልጊዜ እዚህ መሣሪያ ላይ እንዲቆይ እዘዙት።

ድሮፕቦክስ፦ ትልቅ ፋይልና ቀርፋፋ መስመር

ድሮፕቦክስ በነፃ የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ኦፊስም ኢሜይልም የለውም። ፋይል ማመሳሰል ላይ ግን ተክኖበታል። ፋይሉን 4 ሜጋባይት በሚሆኑ ቁርጥራጮች ከፍሎ የተቀየረውን ቁራጭ ብቻ ይልካል። ሒሳቡ ይህ ነው፦ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) በሚጭን መስመር የ1 ጊጋባይት ፋይል ሙሉውን ለመጫን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አንዱን ቁራጭ ብቻ ለመላክ ግን 16 ሴኮንድ ገደማ ይበቃል። ትልልቅ የንድፍ ሥራ ወይም ዳታቤዝ በየቀኑ ለሚነካካ ሰው ልዩነቱ የሥራ ቀን የሚያተርፍ ነው። ዋንድራይቭም በ2020 ተመሳሳዩን ዘዴ ለሁሉም ዓይነት ፋይል አድርጎታል። እንደ ዚፕ ያለ የታመቀ ፋይል ላይ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ውስጡ ትንሽ ሲነካ ሌላውም አብሮ ስለሚለወጥ።

ሌላው የምወድለት ነገር፣ በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይሉን ከበይነመረብ እንደገና ሳያወርዱ በቀጥታ እርስ በርስ መቀባበላቸው ነው። የጠፋ ፋይል በነፃውም ፕላስ በሚባለው የሚከፈልበት ጥቅልም ለ30 ቀን ይመለሳል፤ ለባለሙያዎች በሚሸጠው ጥቅል ደግሞ እስከ 180 ቀን። ደንበኛ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ «ያን የመጀመሪያውን ላክልኝ» ለሚለው ሰው 180 ቀን ማለት ብዙ ነው።

አይክላውድ

እጃችሁ ላይ ያለው አይፎንና ማክ ብቻ ከሆነ አትቸገሩ፣ አይክላውድ ይበቃችኋል። ከቤተሰቡ አንዱ አንድሮይድ ከያዘ ግን ለጋራ ሥራ አይሆንም፤ ለአንድሮይድ የአይክላውድ ድራይቭ አፕ የለም፣ በብራውዘር ነው የሚገባው። ያጠፋችሁት ፋይልም ፎቶም 30 ቀን ይቆያል።

ምስጢር ለምታስቀምጡ

ጉግል፣ ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስ በተለመደው አሠራራቸው ፋይላችሁን አመስጥረው ያስቀምጣሉ፣ ቁልፉ ግን ኩባንያው ዘንድም አለ። ሜጋና ፕሮቶን ድራይቭ የሚባሉ ሌሎች አገልግሎቶች ፋይሉን እናንተ መሣሪያ ላይ አመስጥረው ስለሚልኩ ኩባንያው ራሱ አይከፍተውም። የአፕል «የላቀ የዳታ ጥበቃ» ሲበራም አይክላውድ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር እንደዚያው ይሆናል፤ በሁሉም አገር ግን አይገኝም። የዚህ ጥበቃ ሌላኛው ገጽታ ከባድ ነው፦ የይለፍ ቃሉም የመልሶ ማግኛ ቁልፉም ከጠፋባችሁ ማንም አይመልስላችሁም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ክፈቱ። በ2012 ድሮፕቦክስ ሲሰበር ከ68 ሚሊዮን በላይ አካውንቶች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ወጥቷል፤ ስፋቱ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። ለሰርጎ ገቦቹ በር የከፈተው አንድ ሠራተኛ ሌላ ቦታ የተጠቀመበትን የይለፍ ቃል መድገሙ ነው።

የሥራውና የቤቱ ይለያዩ

ይህን ከልቤ ነው የምለው። ቀድሞ ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት ስለቅ አካውንቴ የተዘጋው በዚያው ቀን ነበር። የልጄ የልደት ሰርተፍኬት ስካንና የቤት ኪራይ ውሌ እዚያ ውስጥ ቀሩ። አሠሪው የራሱን አካውንት ዘጋ፤ ጥፋቱ የግሌን እዚያ ማስቀመጤ ነው። የሥራ ፋይል በሥራ አካውንት፣ የግል ፋይል በራሳችሁ ኢሜይል በተከፈተ ሌላ አካውንት ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አገልግሎት ቢሆኑ እንኳ። ሊንክ ስትልኩም «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለውን ትታችሁ የሰዎቹን ኢሜይል በስም አስገቡ፤ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱን አንሱ።

እኔ ብሆን

ለቡድን ጽሑፍና ሠንጠረዥ ጉግልን፣ ለቤተሰብና ለኦፊስ ሰው ዋንድራይቭን፣ ትልቅ ፋይል ለሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ድሮፕቦክስን እመርጣለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን በነፃው ላይ ግማሽ ቀን ፈትኑት። አንድ ፎልደር ጫኑ፣ አንዱን ፋይል አጥፉና ከስልካችሁ ላይ ለመመለስ ሞክሩ፤ ሌላውን አበላሽታችሁ የቀድሞውን ቅጂ ፈልጉ፤ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ የሚከፈተውን እዩ። ከነዚህ አንዱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መሥራት ካቃታችሁ፣ ፋይሉ የእውነት የጠፋ ቀን ደግሞ ይብሳል።

እኔ ራሴ ዛሬ የቤቱን ሁሉ ዋንድራይቭ ላይ አስቀምጣለሁ፤ በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ፎቶውንና ሰነዱን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እገለብጥና ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ እህቴ ቤት አስቀምጠዋለሁ።