ለዳማ ሐኪም ምስጋና፣ በደሴና በኮምቦልቻ የቤት እንስሳ ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ድመታችን ዳማ በስኳር ታሞ ተስፋ በቆረጥንበት ሰዓት የደረሰልንን የእንስሳት ሐኪም በሰው ፊት ላመሰግነው ፈልጌ ነው። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ስልኩን ግን ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ድመት ወይም ውሻ ታሞባችሁ መሄጃ ከጠፋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። እኛ በተጨነቅንበት ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው ዝርዝሩን የማስቀምጠው።

ዳማ 11 ዓመቱ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ሰኞ ከገበያ ሲመለስ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዞት መጣ። መልኩ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሙንም እሱ አወጣለት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ዳማ ከእናቴ ጎን አይለይም፤ ስትሰግድ ምንጣፏ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ስትተኛ እግሯ ሥር ይተኛል። "ድመት ነው፣ ሌላ ይመጣል" ያሉን ብዙ ናቸው። ለእናቴ ግን ሌላ ዳማ የለም።

ባለፈው ኅዳር ውሃ መጠጣት አበዛ። ከሳህኑ አልበቃ ብሎት የውዱ ማንቆርቆሪያው ሥር የሚንጠባጠበውን ይልስ ጀመር። ሽንቱ በዛ። እየበላ ይከሳል፤ ጀርባውን ስዳብሰው አጥንቱ በእጄ ይቆጠራል። ከዚያ የኋላ እግሮቹ ተለወጡ። ድመት በጣቱ ነው የሚረግጠው፤ እሱ ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት እያስነካ፣ እየተጎተተ ይሄድ ጀመር። እናቴ ራሷ የስኳር ታካሚ ናትና ከሁላችን ቀድማ "ይኸ ልጅ የእኔን በሽታ ይዞታል" አለች። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ "አርጅቷል፣ ተዉት" ብለው መለሱን። ከዚያ ነው በሰው በሰው ወደዚህ ሐኪም የደረስነው።

ሥራው በአብዛኛው ከላምና ከበቅሎ ጋር ነው። አንድ ቀን ቦሩ ሜዳ ነው፣ በማግስቱ ኩታበር። ዳማን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ፈገግ እንኳ አላለም፤ ቦት ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ክብደቱን መዘነ። ቀጥሎ ያለኝን እስካሁን አልረሳውም። "እህቴ፣ ስኳር የታመመ ድመት በትምህርት ነው የማውቀው፣ በእጄ አክሜ አላውቅም። አነባለሁ፣ አስተማሪዎቼንም እጠይቃለሁ። ሳላውቅ ግን ገምቼ አልወጋውም" አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።

የደሙ ስኳር ሲለካ 430 አለ፤ በጣም ከፍ ያለ ነው። እሱ ግን በዚህ ብቻ አልፈረደም። ድመት ሲፈራና ሲጨነቅ ስኳሩ ያለ በሽታም ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሽንቱን አየ፣ በማግስቱ ደግሞ ቤት መጥቶ ዳማ የለመደው ቦታ ላይ እንደተኛ ደሙን ለካ። በቅርቡ ምን መድኃኒት እንደወሰደም ጠየቀን። ለማሳከክ ብለው ሁለት ጊዜ የወጉት ነገር እንደነበር ነገርነው። የኮርቲዞን ዘር የሆኑ መድኃኒቶች የድመትን ስኳር ከፍ እንደሚያደርጉና ለበሽታው በር ሊከፍቱ እንደሚችሉ አስረዳን። የወጋውን ሰው ግን በክፉ አላነሳውም።

ሕክምናው የተጀመረው እናቴ "ደፍራሹ" በምትለው በኤን ፒ ኤች ኢንሱሊን ነው፤ 1 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ ነው) ጠዋት፣ 1 ዩኒት ማታ። እናቴ ከራሷ ብልቃጥ ልትሰጥ ተነስታ ነበር። "እማማ፣ የእርስዎን እንዳይነኩት። ለሰው የመጣ መድኃኒት ከሰው ላይ አይቀነስም፤ ለሱ ተገዝቶለት ይወጋል" አላት። ከግል ፋርማሲ ገዛንለት።

ስድስት ሳምንት ሆነው፣ ለውጥ የለም። ውሃውን ይጠጣል፣ እግሩን ይጎትታል። እኔ መጠኑ ይጨመርለት ብዬ ወተወትኩት። እሱ "መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ እንየው" ብሎ አንድ እሑድ ማለዳ መጣ። ጆሮውን እንዴት እንደምወጋ ያስተማረኝ ያን ቀን ነው። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ ጨመቀና ጆሮውን አሞቀው፤ ከኋላ የስልኩን መብራት ሲያበራበት በጆሮው ዳር ዳር የምትሄደው ቀጭን ደም ሥር እንደ ቀይ ክር ታየች። እዚያ ጠርዝ ላይ አንዴ ጠቅ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ደም ወጣች። ዳማ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ተኛ።

በየሁለት ሰዓቱ ለክተን ደብተር ላይ ጻፍነው። ከመርፌው በፊት ጠዋት 1 ሰዓት 412። 3 ሰዓት ላይ 265። 5 ሰዓት ላይ 118። እኔ ደስ ብሎኝ "ወረደ!" አልኩ። 7 ሰዓት ላይ 240፣ 9 ሰዓት ላይ 385፣ 11 ሰዓት ላይ 420። ደብተሩን ወደኔ አዞረና በእስክሪብቶው መስመሩን አሳየኝ፤ ቁልቁል ወርዶ ወዲያው ሽቅብ። መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን በድመት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያልቃል። በሰው ላይ ረዘም የሚለው ኤን ፒ ኤች በድመት ላይ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት አይሞላም። "አንቺ እንዳልሽው ብንጨምርለት ይኼ 118 ወደ 40 ይወርድ ነበር፤ ማታ ላይ ግን ያው 400 ነው" አለኝ። እሱ እሺ ብሎኝ ቢሆን ዳማን በገዛ እጄ እገድለው ነበር።

ወደ አዲሱ፣ ወደ ግላርጂን የተሻገርነው ከዚያ በኋላ ነው። ላንተስ በሚል ስም የሚታወቀው ማለት ነው። ቆዳ ሥር ሲገባ ደቃቅ ቅንጣት እየሆነ ይረጋና ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ለሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚበቃው ለድመት ሁለቴ ነው፣ በየ12 ሰዓቱ። እዚህ ስላላገኘነው ወንድሜ በሐኪሙ ማዘዣ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ይዞት መጣ። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ደውሎለት ነበር፤ በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልሎ በፔርሙዝ እንዲያደርገው። ኢንሱሊን አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም።

ብልቃጡ ሲደርስ ሌላ ነገር አየ። ግላርጂን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። እናቴ ከምግብ በፊት የምትወጋው ፈጣኑ ኢንሱሊንም እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሁለቱ በአንድ ፍሪጅ በር ላይ ጎን ለጎን! እናቴን ቀይ ክር ለመናት፤ ከመከዳዋ ጥልፍ ላይ መዝዛ ሰጠችው፣ የዳማን ብልቃጥ አንገት ሦስት ዙር አስሮ በሌላ ጣሳ ለብቻው አስቀመጠው። ክሩ አሁንም አለ። ደፍራሹን እያንከባለልን እንደምናደባልቀው ይኼኛው እንደማይፈልግ፣ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ እንደማይቀላቀል፣ በውሃም እንደማይቀጠን፣ ከደፈረሰም እንደሚጣል ነገረን።

ሲሪንጁ ላይ ያደረገውን ደግሞ በተለይ ድመት ላላችሁ እነግራችኋለሁ። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ ሲሪንጅ ልካልን ነበር። ደስ ብሎን ልንጠቀምበት ስንል ቀይ ክዳኑን አይቶ ከእጄ ወሰደው። ያ ሲሪንጅ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን የተሰመረ ነው፤ የኛ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። በእሱ 1 ብዬ የምቀዳው እውነቱ 2 ተኩል ዩኒት ነው። 4 ኪሎ ለሚመዝን ድመት ይኼ የሞት መጠን ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል እናቴ የምትጠቀምበት ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ስለሆነች ለዳማ አትመችም። ግማሽ ዩኒት የተሰመረበት ትንሹን፣ የ0.3 ሚሊ ሊትሩን፣ ራሱ አፈላልጎ አመጣልን።

አዲሱን በ1 ዩኒት ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 390፣ 405፣ 380። ማታ ማታ እየደወልኩ አለቀስኩበት። "አብሽሪ። ይኼ መድኃኒት ሰውነቱን እየለመደ ነው የሚሠራው። አንድ ቁጥር አይተን አንጨምርም፤ ሳምንት እንስጠው" ይለኛል። በማግስቱም ያንኑ ይነግረኛል፣ ድምፁ ሳይለወጥ። በሳምንቱ ወደ 1 ተኩል ከፍ አደረገው። ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ እንደገና ቀኑን ሙሉ ለካን፤ 290፣ 251፣ 208፣ 180፣ 196፣ 233፣ 275። ያ ቁልቁለትና ዳገት ጠፍቶ መስመሩ እንደ ገራዶ ሜዳ ዘርጋ ብሏል። የውሃ ሳህኑ ማታ ሳይጎድል ያደረው በዚያው ሰሞን ነው።

ምግቡንም አስተካከለው። ዳማ ዕድሜውን ሙሉ ፍትፍትና ወተት፣ የተረፈ ዳቦ ሲበላ የኖረ ነው። ድመት ሥጋ በል ነውና እንጀራና ዳቦው ስኳሩን እንደሚያወጣው ነግሮን፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥጋ፣ ጉበት፣ ልብና ከሐይቅ ወደሚመጣው ዓሣ እንድናዞረው አዘዘ፤ ዓሣው ተቀቅሎ፣ እሾሁ ወጥቶ። "ምግቡን ስትቀይሩ ንገሩኝ፣ መርፌው አብሮ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል" ብሎም ነበር። አንድ ሳምንት ዓሣው በደንብ ስለተገኘ ፍትፍቱን ጨርሰን አቆምን። ሳንነግረው።

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም እናቴ ጠራችኝ። ዳማ ሊነሳ ይሞክራል፣ ይወላገዳል፣ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። ለካሁት፤ 46። ደወልኩ፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። "ማር አለ?" አለኝ። እናቴ የጦሳን ማር አታጣም። "በጣትሽ ድዱን ቀቢው፣ አፉ ውስጥ አታፍስሺ፣ እንዳያንቀው። ስልኩን አትዝጊ።" ቀባሁት። በ15 ደቂቃ 61። እንደገና ቀባሁት። 84። ሲረጋጋ ጉበት ሰጠሁት፣ በላ። እስከ 9 ሰዓት ሌሊት ድረስ አብሮኝ በስልክ ነበር፤ በመሃል የራሱ ልጅ ስታለቅስ ይሰማኛል። የጠዋቱን መርፌ እንዳንሰጥ ነገረን፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም አላለንም። መጠኑን ወደ 1 ዩኒት መለሰውና ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፈ፤ ከ200 በታች ሆኖ ካደረ ሳትወጉ ደውሉልኝ።

አሁን ዳማ ግማሽ ዩኒት ላይ ነው፤ ቀስ እያለ ጨርሶ የሚተውም ድመት እንዳለ ነግሮናል፣ ለእኛ ግን ቃል አልገባልንም። ክብደቱ ከ3.6 ወደ 4.5 ኪሎ ተመልሷል። የኋላ እግሩ ቀጥ ብሎ በጣቱ ይረግጣል። ባለፈው ዓርብ እናቴ ሰግዳ ቀና ስትል መስኮቱ ደፍ ላይ ዘሎ ወጥቶ አየችው። ወራት ሆኖት ነበር እዚያ ካልወጣ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የክሊኒኩን ካርድና የቁሳቁሱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበለን። ለዚያ እሑድ፣ ለዚያ ሌሊት ስንሰጠው እንቢ አለ፤ እናቴ በጀርባ በር በላከችው ማር ብቻ ተሸነፈ። ቡና በተፈላ ቁጥር ዱአው ላይ ስሙን ሳትጠራ አትነሳም። ዶክተር፣ ይኼን ካነበብከው፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለእናቴ ምን እንዳተረፍክላት አንተም ታውቃለህ።

ለምትደውሉለት፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ገጠር ስለሚሆን ስልኩ አይሠራም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ደውሉ። ኮምቦልቻ ቅዳሜ ከሰዓት ይወርዳል፤ እዚያ ሙቀቱ ስለሚበልጥ የመድኃኒት አያያዝ ላይ በደንብ ጠይቁት። ድመታችሁ ውሃ ካበዛ በቀን ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ ለክታችሁ፣ ሽንቱንም በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።