ለቡድን ድርሰት ቴሌግራም ይሻላል ወይስ ጉግል ዶክስ?

ደሴ ላይ አማርኛ ሳስተምር ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ለማከፋፈል ቴሌግራም አቻ የለውም፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነጻ ይቀበላል። አንዴ የወረደ ማስታወሻ ኔትወርክ በሌለበትም ይነበባል። ከኩታበር ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ሲሄድ ትምህርቱን በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

አብሮ ለመጻፍ ግን ጉግል ዶክስ ይበልጣል፤ በጣም ይበልጣል። በቴሌግራም አንዱ የላከውን ሌላው አርሞ ሲመልስ፣ ማታ ላይ አንዱ ድርሰት አምስት ፋይል ሆኖ ይገኛል። የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል? በዶክስ ሁሉም በኢንተርኔት ገብተው የሚጽፉበት ጽሑፍ አንድ ነው፤ የለውጥ ታሪኩን ስከፍት ማን የትኛውን መስመር እንደጻፈ አያለሁ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በጻፉት ድርሰት መግቢያውን ደጋግማ ስትሰርዝና ስትጽፍ ያመሸችው፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድን ውጤት ለሁሉም እኩል መስጠት ትቻለሁ።

ተማሪዎች ያለ አካውንት በሊንክ ብቻ ከገቡ ግን ስማቸው አይታይም። ስለዚህ አስቀድሞ ለእያንዳንዳቸው የጉግል አካውንት ማስከፈት ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዶብኛል።